ችሎታ ጳጉሜ ላይ ይታያል

በባሕር ዳር ለፕሮግራመሮችና ሶፍትዌር ለሚያሠሩ ሰዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ይሰማል? ጥሩ።

ዛሬ የማነሣው ቡና ላይ ስንቀመጥ የማያልቅብንን ክርክር ነው፤ በፕሮግራመርና በፕሮግራመር መካከል ያለውን የችሎታ ልዩነት። እኔ ዘንድ ጥያቄውን ይዘው የሚመጡት ግን ብዙ ጊዜ የሙያው ሰዎች አይደሉም። ሆቴል ያላቸው፣ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩ፣ ክሊኒክ የከፈቱ ሰዎች ናቸው። ሁለት ሰው ዋጋ እንዲያቀርብ ይጠይቃሉ፤ የአንደኛው ዋጋ የሌላኛውን አሥር እጥፍ ሆኖ ቁጭ ይላል። ናሙናውን ሲያዩት የሁለቱም ያምራል፤ የሁለቱም ይመዘግባል፣ ደረሰኝ ያትማል፣ በስልክ ይከፈታል። «ታዲያ አሥር እጥፉ የቱ ጋ ነው ያለው? እስቲ አሳየኝ» ይሉኛል።

በዚያ ቀን ላሳያቸው አልችልም። ማንም አይችልም። የመጣሁትም ይህንኑ ለመሟገት ነው። በእኛ ሙያ የችሎታ ልዩነት አለ፣ ሰፊም ነው፤ ነገር ግን በርክክቡ ቀን አይታይም። ቆይቶ ነው የሚወጣው፤ ዕዳውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ኮዱን የጻፈው ሰው ሳይሆን ሌላ ነው። ስንመዝን ግን ሁላችንም የምንመዝነው በርክክቡ ቀን ነው።

ጎበዝ ፕሮግራመር ከደካማው አሥር እጥፍ ይበልጣል የሚባለው ወሬ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1968 ሃሮልድ ሳክማንና ሁለት ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያካሄዱትን ጥናት አሳተሙ። የተነሡት የሰውን ችሎታ ሊለኩ አልነበረም። በዚያ ዘመን ፕሮግራመሩ ሥራውን ለማሽን ክፍሉ አስረክቦ ውጤቱ እስኪመለስለት መጠበቅ ነበረበት፤ ተርሚናል ፊት ተቀምጦ ከኮምፒውተሩ ጋር በቀጥታ መሥራት ገና አዲስ ነበር። የትኛው ይሻላል ብለው ነው ልምድ ያላቸውን 12 ፕሮግራመሮች ሰብስበው ተመሳሳይ ሥራ የሰጧቸው። ከውጤቱ ውስጥ ሰው የያዘው ግን ሌላ ነገር ሆነ። የአልጀብራውን ፕሮግራም ስህተት ለቅሞ ለመጨረስ አንዱ 6 ሰዓት ሲበቃው ሌላው 170 ሰዓት ፈጀበት። 28 እጥፍ! ይህች ቁጥር ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ስትዞር ኖራለች።

ቁጥሯ ሲመረመር ግን ጤነኛ አልነበረችም። በተርሚናል የሠራውንና ሲጠብቅ የዋለውን፣ ለማሽኑ በቀረበ ቋንቋ የጻፈውንና ለሰው በቀረበ ከፍተኛ ቋንቋ የጻፈውን አንድ ላይ ደባልቃለች፤ በዚያ ላይ የመጨረሻውን ቀርፋፋ ከመጨረሻው ፈጣን ጋር ነው ያላተመችው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሉትዝ ፕሬሸልት የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከብዙ ሙከራዎች መረጃ ሰብስቦ 28 እጥፍ የሚለው ስህተትም አሳሳችም ነው ብሎ ጻፈ። ልዩነት የለም አላለም፤ እንደዚያ አትለኩት ነው ያለው።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ቶም ዲማርኮና ቲሞቲ ሊስተር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ያደረጉት ነው። ከብዙ ድርጅቶች ሁለት ሁለት ፕሮግራመር ወስደው አንድ ዓይነት ሥራ፣ በየራሳቸው ቢሮ፣ በየራሳቸው የሥራ ሰዓት አሠሯቸው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሰው መካከል እውነትም ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ወጣ። ምክንያቱን ሲፈልጉ ግን የሥራ ዘመን መልስ አልሆነም፤ 10 ዓመት የሠራው 2 ዓመት ከሠራው አልበለጠም። ከ6 ወር በታች ቋንቋውን የሠሩት ብቻ ወደኋላ ቀርተዋል። ከአንድ ድርጅት የመጡት ሁለቱ ሰዎች ግን፣ ሳይነጋገሩ ሠርተው፣ ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆነ። ጎበዞቹ በአንድ ቤት፣ ደካሞቹ በሌላ ቤት ተከማችተው ተገኙ። ከላይኛው ሩብ ውስጥ የነበሩት ጸጥ ያለና ሰው ቶሎ ቶሎ የማያቋርጣቸው የሥራ ቦታ ነበራቸው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ሙከራዎች አንድ ጉድለት ይጋራሉ። ሥራው ተሰጠ፣ ሰዓት ተያዘ፣ ተጠናቀቀ፣ ተለካ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፕሮግራሙ ምን ሆነ? ማንም አልጠየቀም። ስለዚህ ከጥናቱ ልውጣና ወደ ወደባችን ልውረድ።

እንበልና ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች ቲኬት በስልክ የሚሸጥ ፕሮግራም አሠራን። ጀልባዋ 12 መቀመጫ አላት፣ 11ዱ ተሽጧል። የጥምቀት ሰሞን ነው፣ ሰው በሽ ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሆቴሉ ውስጥ ሌላው አውቶቡስ ላይ፣ በአንድ ቅጽበት የመጨረሻዋን መቀመጫ ይጫናሉ።

የመጀመሪያው ፕሮግራመር ኮዱን እንዲህ ጽፎታል፦ ቦታ አለ ወይ ብለህ ዳታቤዙን፣ መረጃው የተቀመጠበትን መዝገብ፣ ጠይቅ፤ ካለ መዝግብ። ሲነበብ ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን በመጠየቅና በመመዝገብ መካከል ትንሽ ክፍተት አለች፤ በዚያች ክፍተት ሁለተኛው ስልክ ያንኑ ይጠይቃል፣ ያንኑ «አለ» ይሰማል። 13 ሰው ለ12 መቀመጫ ወደብ ላይ ይቆማል። ልጁ በላፕቶፑ መቶ ጊዜ ቢሞክረው አይደርስበትም፤ የሚሞክረው ብቻውን ነውና።

ሁለተኛው ይህን ያውቃል። አንዱ ጠይቆ መዝግቦ እስኪወጣ ሌላው ደጅ እንዲጠብቅ ኮዱ ውስጥ ቁልፍ ያበጃል። ይሠራል። ገበያው ደርቶ ፕሮግራሙ በሁለት ሰርቨር፣ ማለትም ፕሮግራሙን በሚያሠሩ ሁለት ዋና ኮምፒውተሮች፣ ላይ እስኪጫን ድረስ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የአንዱን ሰርቨር ቁልፍ ሌላው አያውቀውም፤ ችግሩ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ማንም በማይጠረጥርበት ሰዓት፣ ተመልሶ ይመጣል።

ሦስተኛዋ ጉዳዩን ለዳታቤዙ ትተወዋለች። በአንድ ጉዞ ላይ አንድ የመቀመጫ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ አይችልም የሚል ደንብ፣ ዩኒክ ኮንስትሬይንት የምንለውን፣ ታስቀምጣለች። አንዱ ያልፋል፣ ሌላው «ይቅርታ፣ ተይዟል» ይባላል፤ ሰርቨሩ ሁለትም ይሁን ሃያ። ከሦስቱ አጭሩ ኮድ የእሷ ነው። በጻፉት መስመር ብዛት ብትከፍሏቸው ኖሮ ትንሹን የምትወስደው እሷ ነበረች።

ገና ነው። ተሳፋሪው «ክፈል» የሚለውን ተጭኗል፣ ክቧ ትዞራለች፣ ኔትወርኩ እዚያው ጠፋ። እኛ አገር ይህ ያልደረሰበት እጁን ያንሣ! ምን ያደርጋል? ደግሞ ይጫናል። ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ሊቆረጥ ነው። ቴሌብርም ሆነ ሌላ የክፍያ መንገድ ቢሆን ጉዳዩ ያው ነው፤ ላኪው መልስ ስላላገኘ ብቻ ተቀባዩ አልተቀበለም ማለት አይደለም። ያወቀበት ፕሮግራመር ለእያንዳንዱ ግዢ ከመላኩ በፊት አንድ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው ሙከራ ያንኑ ቁጥር ይዞ ሲደርስ ሰርቨሩ «ይህንን ተቀብዬዋለሁ» ብሎ የመጀመሪያውን መልስ ይደግመዋል እንጂ አዲስ ክፍያ አይጀምርም። ይህንን ያላሰበው ሰው የሠራው ገጽ ኔትወርክ በማይጠፋበት ቢሮ ውስጥ ሲታይ እንከን የለውም።

አራተኛም አለ፤ እሱን ነው የምወደው። ኮድ ከመጻፉ በፊት በእግሩ ወደቡ ድረስ ሄዶ ቲኬት ቆራጩን ያነጋግራል። «ጋሼ፣ ጠዋት በእጅ የሚሸጡትን ቲኬት የት ነው የሚመዘግቡት?» «እዚችው ደብተር ላይ።» አያችሁ? መቀመጫ የሚሸጠው ፕሮግራሙ ብቻ አይደለም! የሦስተኛዋ ደንብ የቱንም ያህል ቢያምር ደብተሩን አያየውም። ለቲኬት ቆራጩ ሁለት መቀመጫ ለብቻ ይተውለት? ወይስ ስልክ ተሰጥቶት እሱም በፕሮግራሙ ይሽጥ? ይህ የኮድ ጥያቄ አይደለም፤ ሥራው እንዳይፈርስ ያደረገው ግን ይኸው ጥያቄ ነው። ሲቪ ላይ የሚጻፍበት ቦታ ደግሞ የለውም።

ርዕሱን የሰጠችኝ ጳጉሜ ናት። የክሊኒክ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ ስንሠራ ቀን እናስገባለን። አንዱ ከውጭ አገር ትምህርት እንደወረደ ገልብጦ ወሩን ከ1 እስከ 12 ይገድበዋል፤ ጳጉሜ 3 የተወለደች ልጅ ስትመጣ መዝጋቢዋ «አልቀበልም ይላል» ብላ ነሐሴ 30 ትላታለች። ስህተቱ እዚያው ተሸፈነ፤ ልጅቷም የልደት ቀኗን አጣች። ሌላው አገሩን ያውቃልና 13 ወር አድርጎ ለጳጉሜ 5 ቀን ይሰጣል። ይህኛው ይበልጥ ያስፈራኛል። ጳጉሜ 6 የምትመጣው በየአራት ዓመቱ፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ነው፤ በ2011 ነበረች፣ በ2015 ነበረች፣ ቀጥላ የምትመጣው በ2019 ነው። በ2016 መስከረም የተረከባችሁት ፕሮግራም ሦስት ጳጉሜ በሰላም ያልፋል። አራተኛዋ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ የጻፈው ልጅ አዲስ አበባ ገብቷል፣ ስልኩንም ቀይሯል። ምስጋናውን ሰምቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ በመልካም ስም የሄደ ልጅ ነው።

ያወቀበት ምን ያደርጋል? ውስጥ ለውስጥ ቀኑን እንደ አንድ ተከታታይ ቁጥር ይይዘውና ለሰው ሲያሳይ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ይተረጉመዋል። ሰዓቱንም እንደዚሁ፤ ለእኛ የጠዋቱ 2 ሰዓት ለቱሪስቱ 8 ሰዓት ነው፣ ጀልባ ያመለጠው ቱሪስት ደግሞ ዝም አይልም። ከዚያም የሒሳብ ሠራተኛዋን ይጠይቃል፦ ደመወዝ በ12 ወር ነው የሚሠራው፣ የቤት ኪራዩስ? የቀን ሠራተኛውስ ለጳጉሜ ይታሰብለታል ወይ? መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል። ካልጠየቀ አያውቅም።

ስለ ፊደላችን በአጭሩ ልበል፤ እዚህ ያላችሁት ታውቁታላችሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደሎች በሚለዩበት የጋራ ደንብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ይጻፋል ወይ የሚለው ጥያቄ ካለቀ ቆይቷል። ግን አንዷ ካርድ ክፍል ኃይሉ ብላ መዘገበች፣ ሌላዋ ሀይሉ ብላ ፈለገች፣ አልተገኘም፣ አዲስ ካርድ ወጣ፤ አንድ በሽተኛ ሁለት ታሪክ ኖረው። ደካማው መፍትሔ የሰውየውን ስም መዝገቡ ላይ መቀየር ነው፤ መታወቂያው ላይ ካለው ጋር ይጣላል። ጥሩው ስሙን እንዳለ አስቀምጦ ለፍለጋ ብቻ ፊደሎቹን አንድ ያደረገ ሌላ ዓምድ ማበጀት ነው። የስልክ መልእክትም እንዲሁ ነው፤ በላቲን ፊደል 160 የሚይዘው በእኛ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል፣ ይህን ያላወቀ ሰው ያዘጋጀው አንድ ማስታወሻ ሦስት መልእክት ሆኖ ይሄድና የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ባለቤቱ ይጮኻል።

እዚህ ላይ «እንግዲህ ጎበዝ ማለት የማይሳሳት ነው» የሚል ሰው እንዳይኖር። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለው፣ የኢንተርኔቱን ሰፊ ክፍል በሚጠብቀው ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ቀዳዳ ተገኘ። ከሌላው ወገን የመጣን ርዝመት እውነት ነው ብሎ፣ ሳያረጋግጥ፣ ያመነ ኮድ ነበር። የጻፈው ሰው ዕውቀት ያለው ነው፤ አይቶ ያጸደቀውም እንዲሁ። ሁለት ዓመት ያህል ማንም ሳያስተውለው ተቀምጧል። እኔ እንደማየው ጎበዙ ራሱን የማያምን ነው። ቴስት፣ ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ፣ የሚጽፈው ስለሚሳሳት ነው፤ ዳታቤዙን ጠባቂ የሚያደርገው እጁን ስለማያምን ነው። ደካማውን ደግሞ የምለየው «በእኔ ኮምፒውተር ይሠራል» በሚለው ቃሉ ነው።

ይህ ጠባይ አብሮ የሚወለድ አይደለም። እዚሁ ጎጃም ውስጥ፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ የቅኔ ቤት ያለፈ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁት። ተማሪው ገለል ብሎ ቅኔውን ሲቆጥር ውሎ መምህሩ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙት ይናገራል፤ መምህሩም እዚያው ያርመዋል። የሚጀምረው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው፤ ዓመት ስለቆጠረ ብቻ ወደ መወድስ የሚያሻግረው የለም። አንዱ በአጭር ጊዜ ያደርሳል፣ ሌላው ዓመታት ይፈጅበታል፤ የማን ቅኔ የት እንደሚደናቀፍ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። የሌላው ሲታረም የሰማ ደግሞ የራሱንም ያርማል። እኛ ግን ባለንበት ሙያ አንድ ልጅ ለሦስት ዓመት የጻፈውን ኮድ አንድም ሰው ሳያነብለት ሲኒየር፣ አንጋፋ፣ የሚል ማዕረግ እንሰጠዋለን። ሲኒየር ከማን?

ወደ ዲማርኮና ሊስተር ልመለስ፤ ጎበዞቹ በአንድ ቤት ተሰብስበው ተገኙ ብያችኋለሁ። የባሕር ዳር ቤት ምን ይመስላል? ሁለት ወይም ሦስት ሰው፣ አንድ ክፍል። ኮድ የሚጽፈው ልጅ ሰርቨሩንም ይጠብቃል፣ ደንበኛም ያሠለጥናል፣ «ፕሪንተሩ አላትም አለ» ተብሎም ይጠራል። መብራት ይጠፋል። ሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት ደግሞ ሥራው ምን እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም። በዚህ ውስጥ ሆኖ የጻፈውን ሰው ጸጥ ያለ ቢሮ ውስጥ ከተቀመጠ ሰው ጋር በሰዓት አስተያይቶ «ይሄ ደካማ ነው» ማለት ዳኝነት አይደለም። አንዳንዶቻችሁ እንዲያውም ከዚያ ተምራችኋል፤ መስመሩ ሲቋረጥ የማይሞት፣ ሲመለስ ያቆመውን የሚቀጥል ፕሮግራም የመጻፍ ልማድ ያላቸው እዚህ ከተማ ውስጥ አሉ፤ ኔትወርክ ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው ይህንን መማር ይከብደዋል። ነገር ግን ቀጣሪዎች፣ አንድ ነገር በእጃችሁ ነው። ልጁን ከጠዋት እስከ ምሳ አትጥሩት። ፕሪንተሩ ከሰዓት በኋላ ይታያል።

ኤአይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ መጥቶ ልዩነቱን ሁሉ አጠፋው የምትሉ አላችሁ። በከፊል ልክ ናችሁ። የርክክቡን ቀን ልዩነት አጥፍቶታል፤ ያን የሚያምር ናሙና አሁን ማንም በአንድ ከሰዓት ያወጣዋል። ደብተሩን ይዞ ወደብ ላይ የተቀመጠውን ሰው ግን ሄዶ አልጠየቀውም። ጳጉሜንም ብትነግሩት ያውቃታል፤ ካልነገራችሁት ብዙ ጊዜ 12 ወር ይዞ ይመጣል። መንገር የሚችለው የሚያውቀው ብቻ ነው።

ከጠየቃችሁኝ ጥያቄዎች ሁለቱን ልመልስ፣ ሰዓቱ ሄዷል።

«ሰው ስቀጥር ምን ልጠይቀው?» ላልሽው፣ ስንት ቋንቋ ታውቃለህ ብለሽ አትጠይቂው። ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ላይ የቆየ ፕሮግራሙን አስከፍቺው፤ የት ተበላሸ፣ ማን ነገረህ፣ ከዚያ ምን ለወጥክ በይው። ተበላሽቶ አያውቅም ካለሽ ወይ ማንም አልተጠቀመበትም፣ ወይ ከሄደ በኋላ ስልክ አንሥቶ አያውቅም። ከዚያ የራስሽን ሥራ አስረጂውና ዝም በይ። ወዲያው ዋጋ የሚጠራውንና መጀመሪያ ጥያቄ የሚያበዛውን ልዩነታቸውን ያኔ ትሰሚዋለሽ።

ከኋላ የተቀመጡት ጋሼ ደግሞ፣ ድርጅታቸው ውስጥ በጣም ፈጣን የሆነ ልጅ አለ፤ ሁሉን የሚሠራው እሱ ነው፣ ኮዱን የሚያውቅ ሌላ የለም፣ ጎበዝ ይሁን አይሁን እንዴት ልወቅ ብለዋል። ሁለት ሳምንት ፈቃድ ይስጡት፤ ስልኩን ዘግቶ ጎርጎራ ይሂድ። እሱ በሌለበት ሌላው ልጅ አንዲት ትንሽ ለውጥ፣ ለምሳሌ ደረሰኙ ላይ አንድ መስመር፣ እንዲጨምር ይዘዙት። አንድ ቀን ሳይሞላ ከጨረሰ ፈቃድ የወጣው ልጅዎ በእርግጥ ጎበዝ ነው። ሁለቱ ሳምንት አልቆ ልጁ እስኪመለስ ከጠበቃችሁት ግን ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያው ሥራው ለጓደኛው ማስረዳት ይሁን እንጂ አዲስ ነገር መጻፍ አይሁን። ፈቃዱ ደግሞ ደመወዝ የማይቆረጥበት ይሁን፤ ልጁ እስካሁን የተጠየቀው ፍጥነት ብቻ ስለነበረ የተጠየቀውን ሰጥቷል።